የሚጌል ኢንዱራይን 190 ሚሊ ሜትር፦ ለሰዓት ሙከራ ብስክሌት የፔዳል ክንድ ርዝመት ስለ መምረጥ የቀረበ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 1994፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 27 ቀን 1986 ዓ.ም.፣ ስፔናዊው ብስክሌተኛ ሚጌል ኢንዱራይን በፈረንሳይ ቦርዶ ከተማ በሚገኘው ባለ 250 ሜትር የእንጨት መም ላይ ለአንድ ሰዓት ብቻውን ነድቶ 53.040 ኪሎ ሜትር ሸፈነ። ስኮትላንዳዊው ግሬም ኦብሪ በዚያው ዓመት ኤፕሪል 27 ቀን እዚያው መም ላይ ያስመዘገበውን 52.713 ኪሎ ሜትር በ327 ሜትር አሻሽሎ የዓለምን የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን ያዘ። በዕለቱ የነዳት ብስክሌት ፒናሬሎ የሠራት፣ ከካርቦን አንድ ወጥ ሆና የተቀረጸች፣ ኤስፓዳ ወይም «ሰይፍ» የምትባል ነበረች። ስለ ቅርጿ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ግን በዚህ ጥናት የማተኩረው ከቅርጿ ይልቅ ትኩረት ባነሰው አንድ ክፍሏ ላይ ነው። የፔዳል ክንዶቿ እያንዳንዳቸው 190 ሚሊ ሜትር ርዝመት ነበራቸው።

የፔዳል ክንድ ስል ባለሙያዎች ክራንክ የሚሉትን፣ ከመካከለኛው ዘንግ ተነሥቶ እስከ ፔዳሉ የሚደርሰውን ብረት ወይም ካርቦን ማለቴ ነው። በገበያ ላይ ያሉ የጎዳና ብስክሌቶች አብዛኛውን ጊዜ ከ165 እስከ 175 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ክንድ ይዘው ይመጣሉ። ገዢው የብስክሌቱን ቁመት፣ ቀለሙንና የማርሹን ዓይነት ሲመርጥ የክንዱን ርዝመት ግን አብሮ የመጣውን ተቀብሎ ይሄዳል። ለሰዓት ሙከራ፣ ማለትም ነጂው ብቻውን ከሰዓት ጋር ለሚሽቀዳደምበት ውድድር፣ የሚዘጋጅ ብስክሌተኛ ይህን ማድረግ የለበትም፤ ምክንያቱም በዚህ ውድድር ነጂው ክርኖቹን በመሪው ላይ አሳርፎ፣ ጀርባውን ከመሬት ጋር አስተካክሎ ስለሚተኛ፣ ጭኑ ወደ ሆዱ የሚመጣው በማንኛውም ሌላ ብስክሌት ላይ ከሚመጣው በላይ ነው። ኢንዱራይን በጎዳና ውድድር 180 ሚሊ ሜትር ይጠቀም ነበር፤ ለክብረ ወሰኑ በዚያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ጨመረ።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ቁጥሮቹ ስለሚታወቁ ነው። ሐኪሙ ሳቢኖ ፓዲያና ባልደረቦቹ የዝግጅቱንና የሙከራውን መረጃ እ.ኤ.አ. በ2000 በሳይንሳዊ መጽሔት አሳትመውታል። ከዚያ እንደምንረዳው ብስክሌተኛው በጊዜው የ30 ዓመት ሰው፣ ቁመቱ 188 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 81 ኪሎ ግራም ነበር። በቤተ ሙከራ ውስጥ የደረሰበት ከፍተኛ የኃይል መጠን 572 ዋት ሲሆን፣ በደሙ ውስጥ ላክቴት (ጡንቻ በብርቱ ሲሠራ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር) መከማቸት የሚጀምርበት ወሰን 505 ዋት ላይ ነበር። በቦርዶ ለአንድ ሰዓት ያወጣው አማካይ ኃይል 509.5 ዋት እንደሆነ ተገምቷል፤ ማለትም ሰውነቱ ሊሸከመው በሚችለው ጫፍ ላይ፣ እንዲያውም ከጫፉ ትንሽ አለፍ ብሎ ስልሳ ደቂቃ ቆይቷል። አየሩ የሚቃወመው የሰውነቱና የብስክሌቱ ስፋት ከቅርጽ ጋር ተባዝቶ 0.244 ካሬ ሜትር ነበር። የመረጠው ማርሽ ከፊት 59 ጥርስ፣ ከኋላ 14 ጥርስ ነው።

ሰውየው በዚያ ወቅት በሰዓት ሙከራ ተወዳዳሪ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ከጥቂት ሳምንታት በፊት በቱር ደ ፍራንስ ከፔሪጉ እስከ ቤርዥራክ የነበረውን 64 ኪሎ ሜትር ከሁለተኛው ከስዊዘርላንዱ ቶኒ ሮሚንገር በሁለት ደቂቃ ቀድሞ አሸንፏል፤ ቱሩንም ለአራተኛ ተከታታይ ጊዜ ወስዷል። ይሁን እንጂ የመም ብስክሌተኛ አልነበረም። በመም ላይ ማርሽ አይቀየርም፣ ፍሬን የለም፣ ፔዳሉም ከኋላ ጎማው ጋር ሳያቋርጥ ይዞራል፤ ጎማው እስከዞረ ድረስ እግር አያርፍም። ቱሩ ጁላይ 24 ቀን ካበቃ በኋላ እስከ ሙከራው ዕለት የነበሩት ቀናት አርባ ብቻ ናቸው፤ ይህን ቁጥር ወደ መጨረሻው ስለምመለስበት አንባቢ ቢይዝልኝ መልካም ነው።

ረጅሙ ክንድ የሰጠው

ለረጅም ክንድ የሚቀርበው መከራከሪያ ቀላልና ለአእምሮ የሚጥም ነው። ክንዱ ማንሻ ነው፤ ማንሻ ሲረዝም ያው ግፊት ብዙ ሥራ ይሠራል፤ ረጅም እግር ያለው ሰው ደግሞ ረጅም ማንሻ ሊያዞር ይችላል። ሒሳቡን እንሥራው። የኋላ ጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ያህል ነው ብንል በ59 በ14 ማርሽ አንድ የፔዳል ዙር ብስክሌቷን 8.85 ሜትር ወደፊት ይወስዳታል። 53.040 ኪሎ ሜትር ለመሸፈን ወደ 6,000 የሚጠጋ ዙር ያስፈልጋል፤ ይህም በደቂቃ 100 ዙር ነው። ፔዳሉ 190 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ሲዞር እግሩ በሴኮንድ 1.99 ሜትር ይጓዛል፤ 509.5 ዋት በዚህ ፍጥነት ሲካፈል ሁለቱ እግሮች አንድ ላይ ሆነው በአማካይ ሊያሳድሩት የሚገባው ግፊት 256 ኒውተን፣ ማለትም የ26 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ይሆናል። በዚያው ማርሽ ላይ 170 ሚሊ ሜትር ክንድ ቢገጠም ኖሮ ግፊቱ ወደ 286 ኒውተን ያድግ ነበር። ልዩነቱ 12 በመቶ ነው፤ ለስልሳ ደቂቃ ደግሞ ትንሽ አይደለም።

ነገር ግን በዚህ ሒሳብ ውስጥ «በዚያው ማርሽ ላይ» የሚል ሐረግ አለ፤ ክርክሩ ሁሉ የተሰቀለውም በእርሱ ላይ ነው። 59 ጥርስን ማን ግድ አለ? ከፊት ያለውን በ53 ጥርስ ለውጠን 170 ሚሊ ሜትር ክንድ ብንገጥም አንድ ዙር 7.95 ሜትር ይወስዳል፤ በደቂቃ 111 ዙር ይፈልጋል፤ እግሩም በሴኮንድ 1.98 ሜትር ይጓዛል። የእግሩ ፍጥነት ያው፣ ግፊቱ ያው፣ የብስክሌቷ ፍጥነት ያው ሆነ ማለት ነው። የሚለየው ነገር ቢኖር ክቡ መጥበቡና ዙሩ መብዛቱ ነው። የፔዳል ክንድ በሥራው የማርሽ ወንድም ነው፤ ክንድ ማርዘም የፊት ጥርስ እንደመቀነስ ነው።

ይህ የወረቀት ሒሳብ ብቻ እንዳይመስል፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ማክዳንኤልና ባልደረቦቹ በሠለጠኑ ብስክሌተኞች ላይ 145፣ 170 እና 195 ሚሊ ሜትር ክንዶችን እየቀያየሩ ሰውነት የሚያወጣውን ወጪ በኦክስጅን ለክተዋል። ያገኙት ውጤት፣ ወጪውን የሚወስኑት የኃይሉ መጠንና የእግሩ ፍጥነት መሆናቸውን፣ የክንዱ ርዝመትና የዙሩ ብዛት ደግሞ በራሳቸው ሳይሆን የእግሩን ፍጥነት በመለወጥ ብቻ እንደሚሠሩ ያሳያል። ስለዚህ የኢንዱራይን 190 ሚሊ ሜትር በስልሳ ደቂቃው ጉዞ ላይ የሰጠው እፎይታ ሌላ ጥርስ በመግጠም ሊገኝ ይችል ነበር።

በአንድ ቦታ ግን ለረጅሙ ክንድ ተገቢውን ዋጋ መስጠት አለብኝ፤ እርሱም መነሻው ነው። በመም ላይ ነጂው ከቆመበት ተነሥቶ ያንኑ ከባድ ማርሽ እያዞረ በሰዓት 53 ኪሎ ሜትር መድረስ አለበት፤ 81 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 59 በ14 ይዞ ሲነሣ የመጀመሪያዎቹ ዙሮች እንደ ወፍጮ ድንጋይ ናቸው። እዚህ ላይ 190 ሚሊ ሜትሩ በእርግጥ ረድቷል። እርዳታው ግን ፍጥነቱ እስኪያዝ ድረስ ብቻ የሚዘልቅ ሲሆን፣ ዋጋው እስከ ስልሳኛው ደቂቃ ሲከፈል ይኖራል።

ረጅሙ ክንድ የወሰደው

ዋጋውን ለማየት ዓይናችንን ከፔዳሉ ግርጌ ወደ ፔዳሉ አናት ማንሣት አለብን። የኮርቻ ከፍታ የሚለካው እግር ከታች ሲዘረጋ ነው፤ ጉልበት ሙሉ በሙሉ ሳይቃና፣ ዳሌም ወዲያና ወዲህ ሳይወዛወዝ ፔዳሉ ግርጌ የሚደርስበት ልክ ማለት ነው። ክንዱን በ20 ሚሊ ሜትር ብናሳጥር ፔዳሉ ከታች በ20 ሚሊ ሜትር ከፍ ስለሚል ኮርቻውም በዚያው ልክ ከፍ ይላል። ከላይ ደግሞ ፔዳሉ በ20 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። የኮርቻው መውጣትና የፔዳሉ መውረድ ሲደመር፣ እግሩ አናት ላይ በሚደርስበት ቅጽበት በዳሌና በእግር መካከል ያለው ርቀት በ40 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። አራት ሴንቲ ሜትር በብስክሌት ላይ ሰፊ አገር ነው፤ ለአንድ ሴንቲ ሜትር የኮርቻ ለውጥ ሰዎች ሳምንታት ሲለማመዱ አይቻለሁ።

ቀጥ ብሎ ለሚቀመጥ ሰው ይህ ስፋት ብዙም ትርጉም የለውም። ክርኑን አሳርፎ ለሚተኛ ሰው ግን ሁሉም ነገር እርሱ ነው። ጉልበት ወደ አናት ሲወጣ ጭን ከሆድና ከታችኛው የጎድን አጥንት ጋር ይገናኛል፤ በዳሌ ላይ ያለው ማዕዘን ከሚገባው በላይ ሲጠብ ጡንቻው በሚገፋበት ቦታ ላይ ሳይደርስ ጊዜው ያልፋል፣ ዳሌው ወደ ጎን ይሸሻል፣ ትንፋሹም በየዙሩ ከታች በጭን ይመታል። ነጂው ሳያውቀው ራሱን ለማዳን ደረቱን ከፍ ያደርጋል። ያን ጊዜ የሚጠፋው ዋት አይደለም፤ አየርን የሚሰነጥቀው ቅርጽ ነው።

ለዚህ መፍትሔ ሆኖ የቆየው ኮርቻውን ወደፊት መግፋት ነበር፤ ሰውነቱ በዘንጉ ዙሪያ ወደፊት ስለሚዞር የዳሌው ማዕዘን ይከፈታል። የትሪያትሎን ሰዎች እስከ ዛሬ የሚያደርጉት ይኸንኑ ነው። የዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት ግን ለረጅም ዓመታት የኮርቻው አፍንጫ ከመካከለኛው ዘንግ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ወደኋላ እንዲሆን ያስገድድ ነበር። በዚያ ደንብ ሥር ለሚወዳደር ሰው ወደፊት የመሄዱ በር ሲጠብ፣ የቀረው ሰፊ በር ክንዱን ማሳጠር ነው። ደንቡ በኮርቻ ላይ የተጻፈ ቢሆንም ውጤቱ በክንድ ርዝመት ላይ የታየበት ምክንያት ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ቅርጽ በሰዓት ሙከራ ውስጥ ምን ያህል እንደሚመዝን በኢንዱራይን ቁጥሮች ላይ ልሥራው። በሰዓት 53.040 ኪሎ ሜትር ማለት በሴኮንድ 14.73 ሜትር ነው። አየሩ በባሕር ጠለል አካባቢ ያለውን ጥግግት ይዞ 0.244 ካሬ ሜትሩን ስናሰላ አየርን ለመግፋት ብቻ 465 ዋት ያህል ይወጣል። የቀረው አርባ ምናምን ዋት በጎማዎቹና በካቴናው ያልቃል። እንግዲህ ካወጣው ኃይል አሥር እጅ ዘጠኙን የወሰደው አየሩ ነው። በዚህ መነሻ ሁለት ትናንሽ ለውጦችን እናነጻጽር። ኃይሉ በአንድ በመቶ፣ ማለትም በ5 ዋት ቢጨምር በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያተርፈው ርቀት 190 ሜትር አካባቢ ነው። የአየር መቃወሙ በአምስት በመቶ ቢቀንስ ደግሞ፣ አንዲት ዋት ሳይጨምር፣ ትርፉ ወደ 860 ሜትር ይጠጋል።

ይህን የመጨረሻውን ቁጥር ከታሪኩ ጋር ላስተያየው። የኢንዱራይን ክብረ ወሰን የቆየው ሰባት ሳምንት ብቻ ነው። ቶኒ ሮሚንገር ኦክቶበር 22 ቀን 1994 እዚያው ቦርዶ ላይ 53.832 ኪሎ ሜትር በመሸፈን በ792 ሜትር በለጠው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ኖቬምበር 5 ቀን ተመልሶ 55.291 አደረሰው። ሮሚንገር በቤርዥራክ መንገድ ላይ በሁለት ደቂቃ የተሸነፈው ያው ሰው ነው፤ ሰውነቱም ከኢንዱራይን በጣም ያነሰ ነው። በመንገድ ላይ ለትልቁ ሰው ድል የሰጠው የሰውነቱ ኃይል ነበር፤ በመም ላይ ግን ትንሹ ሰው በአየር ውስጥ የሚከፍተው ቀዳዳ ትንሽ መሆኑ ሚዛኑን አዞረ። ሮሚንገርን የለየው የክንድ ርዝመት ነው ማለቴ አይደለም። የመጀመሪያው የ792 ሜትር ብልጫ፣ ከኢንዱራይን የአየር መቃወም አምስት በመቶ ብቻ ቢላጭ ሊደረስበት የሚችል ርቀት መሆኑን ማሳየቴ ነው፤ እንዲህ ያለ መጠን የሚላጨው ደግሞ በዋነኛነት ከአቀማመጥ ነው።

እዚህ ላይ ነው የ1994ቱ ምርጫ የሚያሳዝነኝ። ክንዱን በማርዘም የተገኘው ጥቅም በማርሽ ሊገኝ የሚችል ነበር፤ ክንዱን በማርዘም የታጣው ስፋት ግን በሌላ በምንም ዕቃ ሊተካ የሚችል አልነበረም። የፊት ጥርስ በአንድ ቁልፍ በደቂቃዎች ውስጥ ይለወጣል፤ በጭንና በደረት መካከል ያለውን ስፋት የሚሰጥ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ የለም።

ርዝመቱ ከሰውነት ጋር ሲለካ

ፍትሐዊ ለመሆን በሌላው ወገን ያለውንም ማየት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2001 ጄምስ ማርቲንና ዋኒን ስፒርዱሶ 16 የሠለጠኑ ብስክሌተኞችን በ120፣ በ145፣ በ170፣ በ195 እና በ220 ሚሊ ሜትር ክንዶች ላይ ለአጭር ጊዜ ባላቸው ኃይል ሁሉ እንዲነዱ አድርገው ነበር። ከትንሹ እስከ ትልቁ ርዝመት እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት እያለ፣ በከፍተኛውና በዝቅተኛው ኃይል መካከል የተገኘው ልዩነት 4 በመቶ ብቻ ነበር፤ በ145 እና በ195 ሚሊ ሜትር መካከል ደግሞ ጉልህ ልዩነት አልታየም። ተመራማሪዎቹ ለከፍተኛ ኃይል የሚስማማው ርዝመት ከእግር ቁመት 20 በመቶ እንደሆነ፣ ሆኖም 170 ሚሊ ሜትር ለአብዛኛው ጎልማሳ ይህ ነው የሚባል ጉዳት እንደሌለው ደምድመዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ባራትና ባልደረቦቹ ከ150 እስከ 190 ሚሊ ሜትር ባደረጉት ሙከራም፣ እያንዳንዱ ክንድ በሚስማማው የዙር ብዛት ሲነዳ፣ ከፍተኛው ኃይል በርዝመቱ ምክንያት አልተለወጠም።

ይህን ቀመር ወደ ኢንዱራይን ብንወስደው 190 ሚሊ ሜትር የሚያስደነግጥ ቁጥር አይደለም፤ የእግሩ ቁመት ከዳሌ አጥንት እስከ መሬት 95 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው 20 በመቶው ልክ 190 ይሆናል፤ ለ188 ሴንቲ ሜትር ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ እግር እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ ምርጫውን ስሕተት ብዬ አልጠራውም። ኃይል ማውጣት አላቃተውም፤ ወሰኑ ላይ ለአንድ ሰዓት መቆየቱ ራሱ ምስክር ነው። ነገር ግን ከእነዚህ ጥናቶች ሁሉ የሚወጣው ፍሬ ነገር፣ ርዝመቱ በኃይል ላይ ያለው ተጽእኖ እጅግ አነስተኛ መሆኑ ነው። በኃይል በኩል ሁሉም እኩል ከሆኑ ምርጫውን መወሰን ያለበት ሌላ ነገር ነው፤ ያም ሌላ ነገር አቀማመጥ ነው። ጥናቶቹ የታተሙት ከቦርዶው ሙከራ ከዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ በ1994 የማንሻውን መከራከሪያ ያመኑትን ሰዎች መውቀስ አግባብ አይደለም።

ዛሬ ነፋሱ ወደ ሌላው አቅጣጫ ይነፍሳል። ስሎቬኒያዊው ብስክሌተኛ ታዴይ ፖጋቻር የጣሊያን ዙር የሆነውን ጂሮ ዲታሊያንና ቱር ደ ፍራንስን በአንድ ዓመት ባሸነፈበት እ.ኤ.አ. በ2024፣ ከቀድሞው 172.5 ሚሊ ሜትር ወርዶ 165 እንደሚጠቀም ሲታወቅ፣ ብዙ ሰው ምክንያቱን አገኘሁ ብሎ ወደ ሱቅ ሮጠ። በዚያ ዓመት በጂሮ ከፎሊኞ እስከ ፔሩጃ የነበረውን 40.6 ኪሎ ሜትር የሰዓት ሙከራ የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን ባለቤት የሆነውን ፊሊፖ ጋናን በ17 ሴኮንድ ቀድሞ አሸንፏል፤ የቱሩን መዝጊያ ከሞናኮ እስከ ኒስ ያለውን 33.7 ኪሎ ሜትርም ከዴንማርኩ ዮናስ ቪንግጎር በአንድ ደቂቃ ከ3 ሴኮንድ ቀድሞ ወስዷል። ግን በዚያው ጊዜ አሠልጣኙ ተለውጧል፤ በ2023 ኤፕሪል በሊዬዥ ውድድር ላይ የእጅ አንጓው ተሰብሮ ዝግጅቱን ያበላሸበት ዘመንም አልፏል። ድሉን ለ7.5 ሚሊ ሜትር መስጠት፣ የኢንዱራይንን ክብረ ወሰን ለ10 ሚሊ ሜትር እንደመስጠት ያለ ችኮላ ነው።

አንድ ንጽጽር ግን ጠቃሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ፖጋቻር ቁመቱ 176 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 165 ሚሊ ሜትሩ የቁመቱ 9.4 በመቶ ነው። የኢንዱራይን 190 ደግሞ የቁመቱ 10.1 በመቶ ነበር። ኢንዱራይን በፖጋቻር ልክ ቢመርጥ ኖሮ ክንዱ ወደ 176 ሚሊ ሜትር ይሆን ነበር። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የተለወጠው የአስተሳሰብ ስፋት በእነዚህ 14 ሚሊ ሜትሮች ውስጥ ይታያል።

ምርጫው ዛሬ ቢደረግ

ይህ ጉዳይ ዛሬ በጠረጴዛዬ ላይ ቢቀመጥ በመጀመሪያ የምጠይቀው ስለ እግሩ ቁመት አይደለም። በሰዓት ሙከራው አቀማመጥ ላይ ተኝቶ፣ በውድድር ኃይሉ እየነዳ፣ ከጎን በካሜራ እንዲቀረጽ አደርጋለሁ፤ ፔዳሉ አናት ላይ ሲደርስ ጭኑ ሆዱን የሚነካ፣ ዳሌው የሚሸሽ ወይም ጉልበቱ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ ክንዱ ረዝሟል ማለት ነው። ከእነዚህ አንዱም ካልታየና ደረቱ ሊወርድ ወደሚችልበት ዝቅታ ከወረደ፣ ያለውን ክንድ መለወጥ ገንዘብ ማባከን ነው። ክንድ አሳጥሮ መሪውን ከኮርቻው ጋር በዚያው ልክ ከፍ የሚያደርግ ሰው የሚያገኘው ምቾትና የተሻለ ትንፋሽ ነው፤ መሪውን ባለበት የሚተው ሰው የሚያገኘው ዝቅ ያለ ደረት ነው። ሁለቱም ተገቢ ትርፎች ናቸው፤ የትኛውን እንደሚፈልግ ግን ቁልፉን ከማንሣቱ በፊት መወሰን አለበት።

ለውጡን የሚያደርግ ሰው ኮርቻውን ከፍ ማድረግንና ማርሹን መቀነስን ሊረሳ አይገባም። ብዙዎች የመጀመሪያውን አድርገው ሁለተኛውን ይተዋሉ፤ ከዚያም «አጭር ክንድ እግሬን ከበደኝ» ይላሉ። የከበደው ያልተለወጠው ማርሽ ነው። ከዚህ የባሰ ወጥመድ የኃይል መለኪያው ነው። በፔዳል ውስጥ የሚቀመጡ መለኪያዎች ኃይሉን የሚያሰሉት ግፊቱን ነጂው ባስገባላቸው የክንድ ርዝመት በማባዛት ነው። ከ172.5 ወደ 165 የወረደ ሰው አዲሱን ቁጥር ሳያስገባ ቢነዳ መለኪያው ከእውነተኛው 4.5 በመቶ አብዝቶ ያሳየዋል፤ በ300 ዋት ላይ ይህ ከ13 ዋት በላይ የሆነ፣ ፈጽሞ ያልተወለደ ኃይል ነው። አጭር ክንድ ገጥሞ በማግሥቱ ኃይሌ ጨመረ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አስቀድሜ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። እውነተኛው ፈተና በአንድ ነፋስ በሌለበት ቀን፣ በአንድ መንገድ ወይም መም ላይ፣ በእኩል ዋት ሁለቱንም ክንዶች እየነዱ ፍጥነትን ማነጻጸር ነው።

ለኢንዱራይንስ? በሒሳቡ ብቻ ብሄድ 175 ሚሊ ሜትር ከ54 በ14 ማርሽ ጋር እመርጥለት ነበር፤ ኮርቻው በ15 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ፣ አናት ላይ 30 ሚሊ ሜትር ስፋት አግኝቶ፣ በደቂቃ 109 ዙር ይነዳ ነበር። ግን አርባ ቀን ብቻ እንደነበረው አልዘነጋም። ዓመቱን ሙሉ በ180 ሚሊ ሜትር የለመደ እግር፣ ሦስት ሳምንት በተራራ ላይ ከደከመ በኋላ፣ ማርሽ በማይለወጥበትና እግር በማያርፍበት እንግዳ መም ላይ በደቂቃ ዘጠኝ ዙር እንዲጨምር መጠየቅ ከባድ ነው። ወደ 190 መውጣቱም ቢሆን ያው እንግድነት ነበር፤ ተጨማሪው 10 ሚሊ ሜትር ከድካሙ በኋላ የመጣ ሌላ አዲስ ነገር ነው። ስለዚህ የማዝዘው የሚያውቀውን 180 ሚሊ ሜትር በኤስፓዳ ላይ መግጠም፣ የፊቱን ጥርስ ከ59 ወደ 56 ማውረድ፣ ኮርቻውን በ10 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጎ መሪውን ባለበት መተው ነው። በደቂቃ 105 ዙር ይነዳል፤ የፔዳሉ ግፊት በ190ው ላይ ከነበረው አይለይም፤ ጭኑ አናት ላይ ሲደርስ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያገኛል። 175ቱን ለክረምቱ ልምምድ አስቀምጥለት ነበር።